ኢኮኖሚ በምድር አቅም ልክ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይሄን ርዕስ ባነሳሁ ቁጥር የሚመጡልኝ ጥያቄዎች አንድ ዓይነት ናቸው። ከዘመድ፣ ከሥራ ባልደረባ፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ከተቀመጠ ሰው። እስቲ አንድ ላይ ላስቀምጣቸው። ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው፤ የኛ ሲሆን «ዓ.ም.» ብዬ እጽፋለሁ።

ነገሩ ባጭሩ ምንድን ነው?

ኢኮኖሚ የሚኖረው ተፈጥሮ ውስጥ ነው። እህሉ ከአፈር ይወጣል፣ ሲሚንቶው ከድንጋይ፣ ነዳጁ ከመሬት ሆድ። የተረፈው ደግሞ ጭስና ቆሻሻ ሆኖ ወደዚያው ይመለሳል። ስለዚህ ምን ያህል መውሰድና ምን ያህል መጣል እንደምንችል ልክ አለው። ሐሳቡ ይሄው ነው፦ መጀመሪያ ልኩን እንወቅ፣ ከዚያ በልኩ ውስጥ እንዴት ደህና እንደምንኖር እንነጋገር።

ከ1988 እስከ 1994 ዓለም ባንክ ውስጥ የሠራው አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ኸርማን ዴሊ ይሄን በመርከብ ይመስለው ነበር። መርከብ ጎኑ ላይ የጭነት ልክ የሚያሳይ መስመር አለው። ውሃው መስመሩ ጋ ሲደርስ መጫን ይቆማል። ጭነቱ ግራና ቀኝ ቆንጆ ተደርጎ ቢደላደልም ከልኩ ካለፈ መርከቡ ይሰምጣል። ገበያ ጭነት ማደላደል ይችልበታል። መስመሩን ማስመር ግን የገበያ ሥራ አይደለም፤ ያንን ሰው ቁጭ ብሎ ተመካክሮ ነው የሚያሰምረው።

ለኛ ይሄ ከውጭ የመጣ ወሬ አይደለም። ድሮ ነገሥታቱ ሲሰፍሩ የአካባቢው እንጨት ሲያልቅ ከተማው ራሱ ይነሳ ነበር። አዲስ አበባም ለጥቂት ነው የተረፈችው። በተቆረቆረች ጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ ያለው ደን ተጨፈጨፈ፣ ማገዶ ጠፋ፣ ዳግማዊ ምኒልክም 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምዕራብ ሄደው አዲስ ዓለም ላይ አዲስ ከተማ ማስገንባት ጀመሩ። ከተማዋን ያስቀራት በ1890ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ያኔ ሌላው ቢቀር መነሳት ይቻል ነበር። 8 ቢሊዮን ሕዝብ ግን ወዴት ይነሳል?

«የምድር አቅም» የሚባለው በቁጥር ይታወቃል?

አዎ፣ ብዙው ይታወቃል። በ2009 በስዊድናዊው ዮሃን ሮክስትሮም የተመራ የሳይንቲስቶች ቡድን 9 ገደቦችን ዘረዘረ። የአየር ንብረት፣ ብዝኃ ሕይወት፣ ደን፣ ንጹህ ውሃ፣ የናይትሮጅንና የፎስፈረስ መጠን፣ ሰው ሠራሽ ኬሚካልና ፕላስቲክ፣ የውቅያኖስ አሲድነት፣ የአየር ብናኝ፣ ኦዞን። በ2023 ከ9ኙ 6ቱ ታልፈዋል ተባለ። በ2025 የውቅያኖሱ ተጨመረና 7 ሆኑ።

አንዱን ብቻ ልውሰድ። ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት አየር ውስጥ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 280 እጅ ነበር። አሁን ከ420 በላይ ነው። ይሄ በመሣሪያ የተለካ እንጂ በግምት የተባለ አይደለም።

ከ9ኙ ውስጥ አንዱ ግን እየዳነ ነው፦ ኦዞን። በ1987 አገሮች ሞንትሪያል ላይ ተሰብስበው ፍሪጅና ሽቶ መርጫ ውስጥ የነበሩትን ጋዞች ደረጃ በደረጃ ለማስቀረት ተስማሙ። አስቀሯቸውም። ፍሪጅ መሥራት አልቆመም፣ ኢኮኖሚም አልፈረሰም። ገደብ ሲባል ኋላ መቅረት የሚመስላችሁ ካላችሁ እባካችሁ ይሄን አስቡ።

ዕድገት ታዲያ ምን አጠፋ?

ማደጉ በራሱ አላጠፋም፤ ልክ ማጣቱና መለኪያው ናቸው ያሳሳቱን።

መጀመሪያ ስሌቱን እንየው። በዓመት 3 በመቶ የሚያድግ ኢኮኖሚ በ24 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። በ100 ዓመት 19 እጥፍ። የምትወስደው እንጨት፣ ውሃ፣ ነዳጅና ብረት አብሮ 19 እጥፍ የሚሆን ከሆነ መሬቷ ከየት ታመጣለች? መሬት እኮ አታድግም።

ሁለተኛው መለኪያው፣ ጂዲፒ (የአገር ውስጥ ጠቅላላ ምርት) ነው። ጂዲፒ የሚቆጥረው የተመረተውንና የተሸጠውን ነው። ደን ተቆርጦ ሲሸጥ ይጨምራል። ደኑ መጥፋቱ ግን የትም አይቀነስም። የዚህ ሒሳብ አባት የሚባለው ሳይመን ኩዝኔትስ ራሱ በ1934 ለአሜሪካ ኮንግረስ ባቀረበው ሪፖርት ላይ የአንድን ሕዝብ ደህንነት ከብሔራዊ ገቢ መለኪያ ብቻ መገመት እንደሚያስቸግር አስጠንቅቆ ነበር። ማስጠንቀቂያው ተረሳ፣ መለኪያው ቀረ።

የሐሮማያን ሐይቅ ተመልከቱ። ዙሪያውን ያለው ገበሬ በሞተር ውሃ እየሳበ ጫትና አትክልት አመረተ፣ የሐረር ከተማም ከዚያው ጠጣች፣ ከየተራራው የተጠረገው አፈርም ሐይቁን ከሥር ሞላው። እያንዳንዱ ኩንታል ድንችና እያንዳንዱ እስር ጫት በዕድገት ተመዝግቧል። 2000ዎቹ አጋማሽ ላይ ሐይቁ ደረቀ። ዓሣ ይወጣበት የነበረው ቦታ ላይ ከብት ተሰማራ። በኋላ ዝናቡ በርትቶ፣ የተፋሰስ ሥራም ተሠርቶ ውሃው ተመልሷል፣ ደስ ይላል። ግን ሐይቁ እየሞተ በነበረባቸው ዓመታት ሁሉ መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር ጥሩ ነበር።

ገበሬ የዘር እህሉን አስፈጭቶ ቢበላ በዚያ ሳምንት መሶቡ ሙሉ ነው። ጎረቤት ሲያየው «እነ እገሌ ዘንድሮ ደህና ናቸው» ይላል። ጂዲፒ እንደዚያ ጎረቤት ነው፤ መሶቡን እንጂ ጎተራውን አያይም።

እኛ ድሃ ነን። ይሄ የሀብታም አገር ጭንቀት አይደለም እንዴ?

በጣም የምጠየቀው ይሄ ነው። የሚጠይቀውም ሰው እውነት አለው።

አንድ ኢትዮጵያዊ በዓመት ከነዳጅና ከሲሚንቶ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 0.2 ቶን እንኳ አይሞላም። አንድ አሜሪካዊ 14 ቶን ገደማ ያወጣል። ኳታር ውስጥ ደግሞ በነፍስ ወከፍ ከ30 ቶን በላይ ነው፤ ዶሃ የምትኖሩ እህት ወንድሞች ቀን ከሌት የማይጠፋውን ኤሲ ታውቁታላችሁ። የመርከቡን መስመር ያሳለፉት እነማን እንደሆኑ ግልጽ ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ሌላ ነው። ቦረና ላይ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ 5 ተከታታይ የዝናብ ወቅት ከሸፈ። ከብቶቹ አንድ በአንድ ሲወድቁበት የዋለው አርብቶ አደር መኪና የለው፣ ፋብሪካ የለው። ይሄ ያንገበግበኛል፤ ማንም ሰው «ሁላችንም እኩል ተጠያቂ ነን» ሲል ዝም ብዬ መስማት አልችልም።

ስለዚህ በልኩ እንኑር ሲባል ኢትዮጵያ አትደግ ማለት አይደለም። እንግሊዛዊቷ ኢኮኖሚስት ኬት ራዎርዝ በ2012 ያቀረበችው ሥዕል እዚህ ጋ ይረዳል። ሥዕሉ ዶናት ነው፤ ቦምቦሊኖ አይደለም፣ መሐሉ ቀዳዳ ያለው። ቀዳዳው ውስጥ ያለ ሰው ምግብ፣ ውሃ፣ መብራት፣ ትምህርት ቤት የጎደለው ነው። ከውጨኛው ጠርዝ ያለፈ ደግሞ ምድርን እየጎዳ ነው። መኖር ያለብን መሐል ላይ፣ ሊጡ ጋ ነው። ሀብታሞቹ አገሮች ከውጭ ወደ ውስጥ መግባት አለባቸው፣ እኛ ደግሞ ከቀዳዳው መውጣት። አቅጣጫችን ለየቅል ነው።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። ቀዳዳው ውስጥ ሆነህም የራስህን ሰፈር ገደብ መጣስ ትችላለህ። የሐሮማያን ውሃ የጨረሰው ኒውዮርክ ያለ ሰው አይደለም። በየክረምቱ ዓባይ ጭቃ ሆኖ ሲወርድ የምናየው የደጋው አፈር ነው፤ ያ አፈር ከእኛው ማሳ የተነሳ ነው። ድህነት ገደብን አያነሳልህም። እንዲያውም ድሃ ሲሳሳት መጠባበቂያ የለውም።

ቴክኖሎጂ አይፈታውም?

ግማሹን ይፈታል። ሶላር ረክሷል፣ ባትሪም እንደዚሁ። አገራችን በ2024 የቤንዚንና የናፍጣ መኪና እንዳይገባ ስትከለክል ብዙ ሰው ተንጫጭቷል፤ እኔ ግን አብዛኛው ኃይል ከውሃ በሚመነጭበት አገር ላይ አቅጣጫው ትክክል ነው ባይ ነኝ።

ግማሹን ግን አይፈታም። እንግሊዛዊው ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ በ1865 አንድ የሚገርም ነገር አስተዋለ። የእንፋሎት ሞተር ተሻሽሎ በትንሽ የድንጋይ ከሰል ብዙ መሥራት ሲጀምር የከሰሉ ፍጆታ አልቀነሰም፣ ጨመረ። ለምን ቢባል፣ ሥራው ስለረከሰ ሁሉም ሞተር ገዛ። መኪናውም እንዲሁ ነው። በኤሌክትሪክ ሆነም በቤንዚን፣ ቦሌ መንገድ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ይዞት የቆመ መኪና መንገዱን ያው ይዘጋዋል፣ ብረቱና ማዕድኑም ከሆነ ተራራ ሆድ ነው የወጣው። አውቶቡስና ባቡር የሌለበት የኤሌክትሪክ መኪና ብዙ አያራምድም።

ቴክኖሎጂ ያለ ገደብ ምን እንደሚያደርግ የካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ታሳያለች። ለ500 ዓመት ገደማ ኮድ የሚባል ዓሣ ሲወጣባት ኖረች። ከ1950ዎቹ በኋላ ዓሣውን እዚያው የሚያቀዘቅዙ ትልልቅ መርከቦች መጡ፣ ዓሣው ያለበትን የሚያሳይ መሣሪያም ተገጠመላቸው። ዓሣው እያለቀም መሣሪያው የቀረውን መንጋ ፈልጎ ስለሚያገኝ ምርቱ ደህና ይመስል ነበር። በ1992 መንግሥት ማጥመዱን አገደ። ወደ 30,000 ሰው ባንድ ጊዜ ሥራ አጣ።

ሰው ግን በገደብ ይስማማል? የጋራ የሆነን ነገር ማን ይጠብቀዋል?

መንዝ ጓሳን የሚያህል መልስ የለኝም።

ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚጀምር፣ ብርዱ አጥንት የሚገባ ደጋ ነው። ጓሳ የሚባለው ሣር እዚያ ይበቅላል። ለመንዝ ሰው ጓሳ ሁሉ ነገሩ ነው፦ የቤት ክዳን፣ ገመድ፣ ዝናብ የሚከላከልበት ገሳ። እንዲህ የሚፈለግ ነገር በዓመት ውስጥ ተላጭቶ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቀውታል። መሬቱ የወል ነው፤ ባለ ርስቶቹ አባ ቄራ የሚባል ሹም ይመርጣሉ፤ ሣሩ 3 ዓመትም 5 ዓመትም ይዘጋል፤ ሲደርስ ቀኑ ተነግሮ ይከፈታል፣ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ክረምት ሲመጣ እንደገና ይዘጋል። ሥርዓቱን የጣሰ ይቀጣል፣ ቅጣቱም ቀላል አልነበረም።

ፍጹም ነበር አልልም። ርስት የሌለው ከጥቅሙ ውጭ ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስትን ሲያፈርስ ያንን በደል አነሳ፣ ጥበቃውንም አብሮ አፈረሰው፤ ሣሩም ተጎዳ። በኋላ ሕዝቡ ራሱ በኮሚቴ ተደራጅቶ፣ ድሮ ውጭ የነበሩትንም አካቶ መልሶ አቋቋመው፣ የክልሉ መንግሥትም የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ብሎ እውቅና ሰጠው። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ማየት የሚፈልግ ሰው እዚያ ይሄዳል።

ለረጅም ጊዜ የኢኮኖሚክስ መምህራን «የወል የሆነ ነገር መጥፋቱ አይቀርም» ሲሉ ነበር። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኤሊኖር ኦስትሮም የስዊዘርላንድን የተራራ ግጦሽ፣ የጃፓንን የመንደር ደን፣ የስፔንን መስኖ አጥንታ «አይደለም፣ ሰዎች ደንብ ካወጡ፣ ደንቡን ራሳቸው ከጠበቁ፣ የጣሰውንም ደረጃ በደረጃ ከቀጡ ለዘመናት ይቆያል» አለች። በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። የመንዝ ገበሬ ይሄንን 400 ዓመት ሲሠራበት ኖሯል።

ይሄ ሶሻሊዝም በሌላ ስም አይደለም?

አይደለም። ሶቪየት ኅብረት ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለጥጥ ስትል ሁለት ትልልቅ ወንዞችን ጠልፋ በዓለም 4ኛ ትልቅ የነበረውን የአራል ሐይቅ አደረቀችው። መርከቦቹ አሸዋ ላይ ቀሩ። ካፒታሊስቱም ሶሻሊስቱም ዕድገትን ሲቆጥር ጎተራውን አላየም። ክርክሩ ፋብሪካው የማን ነው ሳይሆን ፋብሪካው ምን ያህል ይወስዳል የሚለው ነው።

ሥራስ? ፍጆታ ከቀነሰ ሰው ምን ይበላል?

አንድ ጠዋት ምናለሽ ተራ ሂዱ። ከመርካቶ ጥግ፣ መዶሻው ሳይታይ ገና ከሩቅ ይሰማል። አንዱ የዘይት በርሜል ለሁለት ሰንጥቆ ምድጃ ያወጣል። አጠገቡ ያለው ያለቀ የመኪና ጎማ በካራ እየላጠ በረባሶ ይሠራል። ከዚያ ወዲያ የተጣመመ ሚስማር ድንጋይ ላይ አድርጎ አንድ በአንድ የሚያቃና ልጅ አለ። ዕቃውን እዚያ ያደረሰው «ቆራሌው!» እያለ ጆንያውን ይዞ በየሰፈሩ የሚዞረው ሰው ነው። እናቴ በአሮጌ ልብስ ከልዋጭ የቀየረችው ሳፋ ዛሬም ልብስ ይታጠብበታል።

ይሄ ሁሉ ሥራ ነው። ሰው የሚጠይቅ፣ እጅና ጭንቅላት የሚጠይቅ፣ አዲስ ማዕድን ግን የማይጠይቅ ሥራ። እኛ ግን በዚህ ሰው እናፍራለን፣ መደብ አንሰጠውም፣ ኢንሹራንስም አናስገባውም። አውሮፓ ገና አሁን ወደዚህ እየመጣ ነው። ፈረንሳይ በ2021 ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ልብስ ማጠቢያ ሲሸጥ ለመጠገን ምን ያህል እንደሚቀል ከ10 ነጥብ ተሰጥቶት ዋጋው አጠገብ እንዲለጠፍ አስገድዳለች። እኔ ባለፈው ስልኬ ባትሪው ሲደክም ሠሪው ፊት ለፊቴ ከፈተው፤ ባትሪው በማጣበቂያ ተለስኖ ነው የተሠራው። ልጁ በማሞቂያ እያላቀቀ ግማሽ ሰዓት ታገለ። «ሆን ብለው ነው» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ሥራ የሚያጡ አይኖሩም አልልም። ከሰል የሚያወጣ፣ ፌስታል የሚያመርት ሥራው ይቀየራል። ለዚያ ሰው አስቀድሞ ሌላ መንገድ ካልተዘጋጀለት ለውጡ ግፍ ይሆናል። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ሲያጸድቅ ደስ ብሎኛል፤ ጉልት ላይ ቲማቲም በፌስታል የምትሸጠው ሴትዮ ግን ከቅጣት በፊት ዘንቢልና ወረቀት በርካሽ ማግኘት አለባት።

የተሳካለት አገር አለ?

ሁሉን አሟልቶ ዶናቱ ላይ የቆመ አገር እስካሁን የለም። ቁርጥራጭ ስኬት ግን አለ፣ እሱም ትንሽ አይደለም።

ኮስታሪካ በ1980ዎቹ ከደኗ የቀራት ሩብ ገደማ ነበር። በ1996 ሕግ አወጣች፦ ከነዳጅ ቀረጥ ላይ ተቆርሶ ደን ለሚያቆይ ባለ መሬት ገንዘብ ይከፈለው አለች። ሌሎች ነገሮችም ተጨመሩ፣ ቱሪዝሙም አገዘ። ዛሬ ከግማሽ በላይ መሬቷ ደን ነው፣ ኢኮኖሚዋም በነዚያ ዓመታት አድጓል። አምስተርዳም በ2020 ኮሮና መሐል የዶናቱን ሐሳብ የከተማ ዕቅድ አድርጋ ተቀበለች፤ በ2030 አዲስ ጥሬ ዕቃ መጠቀምን በግማሽ ለመቀነስ ነው ያቀደችው።

ችግሩ የሕዝብ ብዛት ነው እንጂ፣ አይደለም?

በከፊል። በዓለም ካሉት ሰዎች ሀብታሞቹ 10 በመቶ የካርቦኑን ግማሽ ገደማ ያወጣሉ። ስለዚህ ስንት ነን ከሚለው በፊት ማን ስንት ይወስዳል የሚለው ይቀድማል። በአንድ ወረዳ የእርሻ መሬት ላይ ግን ብዛት በእርግጥ ይከብዳል። መፍትሔው አስቀድሞ ተጀምሯል፦ በ1990 ገደማ አንዲት ኢትዮጵያዊት በአማካይ ወደ 7 ልጅ ትወልድ ነበር፣ አሁን 4 አካባቢ ደርሷል። ሴት ልጅ ትምህርት ቤት ስትቆይ ሌላው ይከተላል።

እኔ ብቻዬን ምን ላድርግ?

ፌስታል መተው ጥሩ ነው፣ ማስጠገን ጥሩ ነው። ግን ገደብ የሚሠመረው በጋራ ስለሆነ የሚጠቅመው በጋራ ቦታ መጠየቅ ነው። ወረዳ ስብሰባ ላይ፣ ዕድር ላይ፣ ኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ላይ። ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው፦ ይሄ ነገር በዓመት ምን ያህል ይተካል? እኛስ ምን ያህል ልንወስድ ነው?

ሰፈራችን የውሃ ጉድጓድ ሊቆፈር ሲል እጄን አውጥቼ ይሄንኑ ጠየቅኩ። የጥልቀቱ ሜትር ተነገረኝ፣ የፓምፑ ጉልበት ተነገረኝ፣ በጀቱ ተነገረኝ። ዝናብ በዓመት ምን ያህል ወደዚያ እንደሚመልስ ግን ያጠና ሰው አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ከኋላ «ልጄ፣ የጠየቅሽውን ቃለ ጉባኤ ላይ አስጽፊ» አሉኝ። አስጻፍኩ። የሚቀጥለው ስብሰባ በወሩ መጨረሻ ነው።